ክንፉ ቀይ፣ ደረቱ አረንጓዴ፦ ጉንጨ ነጭ ቱራኮን ለይቶ የማወቂያ መመሪያ

«አረንጓዴ ነው፣ ሲበር ግን ክንፉ ደም ይመስላል። ምን ወፍ ነው?» ይህ ጥያቄ ከመናገሻ ሱባ ደን፣ ከወንዶ ገነት፣ ከደብረ ሊባኖስ፣ ከባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ በየጊዜው ይመጣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ጉንጨ ነጭ ቱራኮ። አብዛኛውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በነጌሌ ቦረና አካባቢ፣ ሩስፖሊ ቱራኮ የሚባል ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ዘመዱ አለ፤ የእሱም ክንፍ ያው ቀይ ነው። ስለዚህ ቀዩ ክንፍ ቱራኮ መሆኑን ይነግርዎታል፣ የትኛው ቱራኮ እንደሆነ ግን አይነግርዎትም። ልዩነቱ ያለው ጭንቅላቱ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ለአንድ ነገር የተሰናዱ ናቸው፤ የወፉን ጭንቅላት በጥሩ ብርሃን ለሦስት ሰከንድ ያህል ለማየት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር)፣ 8 በ42 የሆነ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱን ስፋት በሚሊሜትር ይገልጻል። ብዙ ሰው 10 በ42 ይሻላል ብሎ ይገዛል፤ ለሐይቅና ለሜዳ ጥሩ ነው። ደን ውስጥ ግን ምስሉ ይጨልማል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጎላል፣ የሚታየው ስፋትም ስለሚጠብ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የሚሮጥ ወፍ ይጠፋብዎታል።
• ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በጤዛና በዝናብ አይሠራም።
• ቡናማ ወይም ደብዛዛ አረንጓዴ ልብስ። ነጭ ጃኬትና ነጠላ ከሩቅ ያጋልጣል።
• ካሜራ ካለዎት ይያዙ፤ ግዴታ አይደለም።
• ውኃና የዝናብ ልብስ። አንድ ዛፍ ሥር እስከ 2 ሰዓት ሊቀመጡ ይችላሉ።

ከመሄድዎ በፊት መያዝ ያለበት መጠን

ቱራኮው ከመንቆሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ርዝመት ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ጅራቱ ነው። ክብደቱ ከ200 እስከ 300 ግራም አካባቢ ስለሆነ አካሉ ከእርግብ ብዙም አይበልጥም። «እርግብ ላይ ረጅም ጅራት ቢቀጠልበት» ብለው ያስቡት። ይህን መጠን ቀድመው ካልያዙ፣ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ያለን ወፍ ሁሉ ከእውነተኛው ይልቅ ትልቅ አድርገው ይገምታሉ።

ደረጃ 1፦ ወፉን ሳይሆን ያፈራውን ዛፍ ይፈልጉ

ቱራኮ በዋናነት ፍሬ በል ነው። ያፈራ ዛፍ ካገኘ በየቀኑ ይመላለሳል፤ ዛፉ ፍሬ ከጨረሰ ደግሞ ትናንት አምስት ወፍ የታየበት ቦታ ዛሬ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈለገው ፍሬው የበሰለ ሾላ፣ ዋርካ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ ወይም ወይራ ነው። በተለይ ሾላን አይለፉ። የሾላ ዛፎች ሁሉም በአንድ ወቅት አያፈሩም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ሌላው ዛፍ ሁሉ ፍሬ ባጣበት ወር እንኳ የሆነ ቦታ የበሰለ ሾላ አይጠፋም።

ዛፉ ሥር ወርደው መሬቱን ይመልከቱ። ቱራኮ ትንንሽ ፍሬ እንዳለ ይውጣል፤ ስለዚህ የሚያገኙት ምልክት ዘር የበዛበት እርጥብ ኩስ ነው። የጥርስ አሻራ ያለበት የተገመሰ ሾላ ካዩ በዛፉ ላይ የሚበላው ጦጣ ወይም ጉሬዛ ነው። ይህም ቢሆን ዛፉ መብሰሉን ያረጋግጣልና መጥፎ ዜና አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ደን ብዙ ጊዜ በአካባቢው የቀረው የመጨረሻ አሮጌ ዛፍ ያለበት ስለሆነ ጥሩ ቦታ ነው። ከመግባትዎ በፊት ግን አገልጋዮቹን ያስፈቅዱ። መነጽርና ካሜራ ይዞ ሳይናገር የሚገባ ሰው ጥርጣሬ ያስነሣል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውም ይከለከላል።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ይምረጡ

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ተመራጭ ነው። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ ወፍ ማለዳ ላይ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው ዕድል ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ ቅጠል መሐል ተጠልሎ ስለሚቆይ አጠገቡ ቆመው እንኳ ላያዩት ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ ዛፉ ሥር አይቁሙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዛፉ ሥር ቀና ሲሉ የሚታየው የወፉ ሆድና ከኋላው ያለው ብሩህ ሰማይ ነው። በዚያ ብርሃን አረንጓዴው ጥቁር ይሆናል፣ ጉንጩ ላይ ያለው ነጭም አይታይም። ከዛፉ ከ20 እስከ 40 ሜትር ራቅ ይበሉ፤ ፀሐይዋን ከጀርባዎ ያድርጉ። ተዳፋት ካለ ወደ ላይኛው በኩል ይውጡ፤ ዓይንዎ ከዛፉ ጫፍ ጋር ሲተካከል ወፉን ከጎኑ ያዩታል። ይህች አንዲት የቦታ ለውጥ ከመነጽር ጥራት የበለጠ ትጠቅማለች።

ከዚያ ይቀመጡ። ቆሞ ከሚንቀሳቀስ ሰው ይልቅ የተቀመጠ ሰው ቶሎ ይለመዳል። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ዝም ይበሉ፤ ሲጠጉ የሸሸው ወፍ ወደ ፍሬው የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ደረጃ 4፦ በጆሮ ይጀምሩ

ድምፁ የዘፋኝ ወፍ ድምፅ አይደለም። ከጉሮሮ ጥልቀት የሚወጣ፣ ሻካራ፣ የሚደጋገም ጩኸት ነው፤ «ኻር… ኻር… ኻር» እያለ ይቀጥላል። ከሩቅ የሰማው ብዙ ሰው ጦጣ ወይም ጉሬዛ ይመስለዋል። መለያው ይህ ነው፦ የጉሬዛ ጩኸት እንደ ሞተር ሳይቆራረጥ የሚንከባለል ረጅም ጉርምርምታ ነው፤ የቱራኮው ደግሞ እያንዳንዱ ጩኸት ለብቻው ተለይቶ ይሰማል፣ ሊቆጠርም ይችላል። አንዱ ሲጀምር ከወዲያ ማዶ ያለው ብዙ ጊዜ ይመልስለታል። ሁለት አቅጣጫ ከሰሙ ወደ ቅርቡ ይዙሩ።

በድምፅ ብቻ ሁለቱን ቱራኮዎች ለመለየት አይሞክሩ። ድምፃቸው የሚቀራረብ ስለሆነ ጆሮ ወደ ወፉ ያደርስዎታል እንጂ ዝርያውን አይወስንልዎትም።

ደረጃ 5፦ በመጀመሪያ በባዶ ዓይን ይከተሉት

መነጽሩን ቶሎ አያንሡ። ቅጠሉ ውስጥ እንቅስቃሴ ይጠብቁ። ቱራኮ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል፤ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጅራቱን ቀና አድርጎ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ይህን የሚችለው ከእግሩ ጣቶች አንዱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መዞር ስለሚችል ነው። በቀቀን በመንቆሩ ጭምር እየተደገፈ በዝግታ ይወጣል፤ እርግብም እንዲህ አትሮጥም። ስለዚህ ቀለሙን ሳያዩ በአካሄዱ ብቻ ግማሹን ሥራ መጨረስ ይቻላል።

ሲበር ጥቂት ጊዜ ክንፉን ያርገበግብና ተንሳፍፎ ወደ ሚቀጥለው ዛፍ ይገባል። ቀዩ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። ክንፉን ሲከድን ቀዩ ስለሚሸፈን ይጠፋል፤ አንዳንዴ ክንፉ ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። «አንድ ቀይ ወፍ በረረ፣ ዛፉ ላይ ግን አረንጓዴ ወፍ ነው ያለው» የሚለው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለት ወፍ አይደለም፤ አንድ ነው።

ያረፈበትን ቅርንጫፍ በዓይንዎ ይያዙ። ዓይንዎን ሳይነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት። መጀመሪያ መነጽሩን አንሥቶ በመነጽር መፈለግ ወፉን ከሚያስጠፉ ነገሮች ዋናው ነው።

ደረጃ 6፦ ጭንቅላቱን በቅደም ተከተል ያንብቡ

አሁን ወፉ መነጽርዎ ውስጥ ነው። ክንፉን፣ ጅራቱን፣ የደረቱን ውበት ለጊዜው ይተዉት። ሦስት ሰከንድ ብቻ ቢሰጥዎት በዚህ ተራ ይጠቀሙበት።

ሀ) ጉንጭ። ከዓይኑ ኋላ ተነሥቶ በአንገቱ ጎን ቁልቁል የሚወርድ ነጭ መስመር አለ? በጥቋቁር ሰማያዊና በአረንጓዴ ላባ መሐል እንደ ኖራ ጭረት ጎልቶ ይታያል። ከዓይኑ ፊት፣ በመንቆሩና በዓይኑ መካከል ደግሞ ሌላ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ሁለቱን ነጮች ካዩ ወፍዎ ጉንጨ ነጭ ቱራኮ ነው። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው።

ለ) ጉትዬ። አናቱ ላይ ያለው ጉትዬ ጥቁር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ወፉ ሲደነግጥ ወይም ሲጮኽ ያቆመዋል፣ ሲረጋጋ ያስተኛዋል። ስለዚህ የጉትዬው ቁመት ምልክት አይሆንም፤ ምልክቱ ቀለሙ ነው።

ሐ) መንቆርና ዓይን። መንቆሩ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ነው፤ የላይኛው መንቆር ሥሩ ላይ አረንጓዴ ይነካዋል። የዓይኑ ዙሪያ ላባ የሌለው ቀይ ቆዳ ነው።

መ) ጊዜ ከተረፈ አካሉ። ደረቱ አረንጓዴ፣ የሆዱ ታችኛው ክፍል ግራጫ፣ ጀርባው፣ የተከደነው ክንፉና ጅራቱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ጥላ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ስለሚመስል ወደ መጨረሻ የተደረገው ለዚህ ነው። ጥላ ውስጥም ቢሆን የማይጠፋው የጉንጩ ነጭ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባሉ ደጋዎች የሚገኘው የዚሁ ወፍ ዓይነት ጉትዬው ኋላ ጫፍ ላይ ቀላ ያለ ነው። ይህን ያየ ሰው «ማጅራቱ ቀይ ነው፣ እንግዲህ ሩስፖሊ ነው» ብሎ ይቸኩላል። ወደ ጉንጩ ይመለሱ፤ ነጩ መስመር ካለ ጉንጨ ነጭ ቱራኮ ነው።

ደረጃ 7፦ በደቡብ ከሆኑ ሩስፖሊን ይለዩ

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው በነጌሌ ቦረና፣ በገናሌ፣ በአሬሮና በዋደራ አካባቢ ካሉ ነው። መናገሻ ወይም ባሕር ዳር ከሆኑ ይለፉት።

ሩስፖሊ ቱራኮ በትንሹ ያንሳል፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አናቱና ጉትዬው እንደ ወተት ቅባት የነጣ ነው፤ ጉትዬው ኋላ፣ ማጅራቱ በኩል፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ አለው። መንቆሩ ቀይ ነው። ጉንጩ አረንጓዴ ነው፤ ቁልቁል የሚወርደው ነጭ መስመር የለውም። በአጭሩ ነጩ የት እንዳለ ይጠይቁ፦ ጉንጭ ላይ ከሆነ ጉንጨ ነጭ፣ አናት ላይ ከሆነ ሩስፖሊ።

የሚኖርበትም ቦታ ይረዳል። ጉንጨ ነጭ እርጥበት ያለውን የደጋና የወይና ደጋ ደን ይመርጣል። ሩስፖሊ ደረቅ በሆነው የጥድና የግራር ደን፣ በወንዝ ዳርም ባሉ የሾላና የዋርካ ዛፎች ላይ ይገኛል። ሆኖም ቦታ ማስረጃ እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለና።

በተለይ ዋደራ አካባቢ ሁለቱ ተዳቅለው የሚወለዱ ወፎች ይታያሉ። የጉንጩ ነጭ ከፊል ሆኖ የጉትዬው ቀለም የነጭና የጥቁር ድብልቅ ከሆነ ወደ አንዱ ስም አይግፉት። «ድቅል ሊሆን ይችላል» ብለው ይመዝግቡ፣ ያዩትንም በዝርዝር ይጻፉ። ሩስፖሊ የሚኖርበት አካባቢ ጠባብ ስለሆነ፣ ንጹሑንና ድቅሉን መለየት ለጥበቃው ሥራ በእርግጥ ይጠቅማል። በግምት የተሞላ ስም ግን ይጎዳል።

ደረጃ 8፦ የሚመሳሰሉትን ያስወግዱ

• አረንጓዴ እርግቦች፦ እዚያው ሾላ ላይ አብረው ይበላሉ። ጅራታቸው አጭር ነው፣ ጉትዬ የላቸውም፣ ክንፋቸውም ሲበሩ ቀይ የለውም። በመንጋ ሆነው በፍጥነትና በቀጥታ ይበራሉ።
• ቢጫ ፊት በቀቀን፦ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ፊቱ ቢጫ፣ መንቆሩ የተቆለመመ። እየበረረ በሹል ድምፅ ይጮኻል።
• ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ በቀቀን፦ 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው። መጠኗ ብቻ ይበቃል።
• ናሪና ትሮጎን፦ ጀርባው አረንጓዴ፣ የወንዱ ሆድ ደማቅ ቀይ ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀዩ ሆዱ ላይ እንጂ ክንፉ ላይ አይደለም። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል።
• ሆደ ነጭ ግራጫው የቱራኮ ዘመድ፦ በቆላ ግራር ላይ የሚኖር፣ ረጅም ጅራትና ጉትዬ ያለው ወፍ ነው። ላባው ላይ አረንጓዴም ቀይም የለበትም።
• መንቆሩ ላይ ቀንድ መሳይ ያለው ጥቁርና ነጭ ትልቅ ወፍ፦ እሱም ፍሬ በል ነው፣ ከ75 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሲበር ክንፉ «ሹው፣ ሹው» ሲል ከሩቅ ይሰማል።

ደረጃ 9፦ እዚያው ላይ ይመዝግቡ

ወደ ቤት እስኪመለሱ አይቆዩ። ከመጽሐፍ ላይ ሥዕል ካዩ በኋላ አእምሮ ያላየውን ይጨምራል። አንድ ጥሩ ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

«ወንዶ ገነት፣ ከጠዋቱ 1፡20፣ ፀሐይ ከጀርባዬ፣ 30 ሜትር ገደማ። ሁለት ወፎች በበሰለ ሾላ ላይ። ጉትዬ ጥቁር ሰማያዊ፤ ነጭ መስመር ከዓይን ኋላ ወደ ታች፣ በሁለቱም ላይ። ከዓይን ፊት ነጭ፣ በአንዱ ላይ ብቻ አየሁ። ሲበሩ ቀይ። መንቆር አልታየም።»

«አልታየም» የሚለው ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። ያላዩትን መጻፍዎ ያዩትን አስተማማኝ ያደርገዋል።

ፎቶ ካነሡ፦ ለሚበር ወፍ የካሜራውን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ያድርጉ። ወፉ ከጀርባው ሰማይ ካለው ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ፤ አለዚያ ካሜራው ሰማዩን ለክቶ ወፉን ያጠቁረዋል። የሚያምረውን ሳይሆን ጉንጩ የታየበትን ፎቶ ያስቀምጡ።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

ቀላ ያለው ወንድ፣ ደብዘዝ ያለው ሴት ነው ማለት። በሁለቱም ቱራኮዎች ወንድና ሴት በመልክ አይለዩም። ደብዘዝ ያለ፣ ጉትዬው አጠር ያለ፣ ክንፉ ላይ ቀዩ ያነሰ ወፍ ካዩ ገና ያልጎለመሰ ጫጩት ነው።

ቀዩን ከብርሃን የመጣ ነጸብራቅ ነው ብሎ መጠራጠር። አይደለም። የብዙ ወፎች አንጸባራቂ ቀለም ከላባው ቅርጽ የሚመጣ ስለሆነ በዞሩ ቁጥር ይለወጣል። የቱራኮ ቀይ ግን መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀለም ነው፤ አረንጓዴውም እንዲሁ። ስለዚህ ከየትኛውም አቅጣጫ ቀዩ ቀይ ነው። አንድ ጊዜ በግልጽ ካዩት ዓይንዎን ይመኑ።

አንድ ወፍ አይቶ መሄድ። ቱራኮዎች በጥንድ ወይም በትንሽ ቡድን ይንቀሳቀሳሉ። የመጀመሪያው ጀርባውን ቢሰጥዎት ሁለተኛው ጉንጩን ሊያሳይዎት ይችላል፤ 10 ደቂቃ ይጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ

• የተቀዳ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ አይጥሩት። ወፉ ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት መብላቱን ወይም እንቁላሉን ትቶ ይወጣል።
• ጎጆው እንደ እርግብ ጎጆ በጭራሮ የተረበረበ ስስ መደብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይይዛል። ጭራሮ ይዞ የሚመላለስ ወፍ ካዩ ወደኋላ ይመለሱ። ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጎ ፎቶ ማንሣት እንቁላሉን ለቁራና ለጦጣ ያጋልጣል።
• ወፉን ለማስበረር ድንጋይ አይወርውሩ፣ ዛፍም አይነቅንቁ። የሸሸ ወፍ የሚያሳይዎት ጀርባውንና ቀይ ክንፉን ብቻ ነው፤ የሚፈልጉት ደግሞ ጉንጩን ነው።
• ዋሻ ያለው አሮጌ ዛፍ ላይ ከመደገፍዎ በፊት ንብ አለመኖሩን ይመልከቱ።
• የወደቀ ቀይ ላባ ቢያገኙ ፎቶ አንሥተው እዚያው ይተዉት። በሳሙና ለማጠብ ከሞከሩ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል፤ ያ ቀይ ቀለም ሳሙና ባለበት ውኃ ይሟሟልና።